ጋቢ ግማሽ ቀን፣ ሙታንታ ግማሽ ደቂቃ

እከክ የሰጠ ጌታ ማከኪያ ጥፍር አይነሣም ይባላል። እውነት ነው፤ ጥፍሩን አልተነሣንም። የተነሣነው ማከኪያ ቦታ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ በቀኝህ ቄስ በግራህ የሚስትህ አክስት ተቀምጠው፣ የወገብህ ላስቲክ ሥራ ሲጀምር ዐሥር ጥፍር ቢኖርህ ምን ታደርግበታለህ?

እርግጥ ሕዝባችን ዘዴ አያጣም። አንዱ ስልክ የተደወለለት መስሎ እጁን ወደ ሱሪ ኪሱ ይሰዳል፤ ስልኩ ግን በሌላኛው እጁ ነው። ሌላው ሒሳብ ላውጣ ብሎ ከመቀመጫው ብድግ ይልና ሲመለስ ወደ ጎን ተፈትጎ ይቀመጣል፤ ሒሳብ ከከፈለ ቆይቷል። መንገዱን የሚያውቀው ደግሞ ጎድጓድ ይጠብቃል። ማንኩሳ አካባቢ መኪናው ሲነጥር ከሁሉም በላይ እሱ ይነጥራል። ሰው ሁሉ ሹፌሩን ሲራገም የእሱ ፊት ብቻ ፈካ ይላል።

እኔ እንዲህ ያለውን መንገደኛ ባየሁ ቁጥር የማስበው ስለ ጋቢ ነው።

ጋቢ እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው አትበሉ። የጎጃም ሰው ጋቢ ሲገዛ ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጨርቁን ወደ ፀሐይ ያነሣል። ድሩን ከማጉ ይለያል። ጉንጩ ላይ ያሸዋል። «ማጉን የፈተለችው የማን እጅ ናት?» ብሎ የፈታይዋን ዘር ማንዘር ይጠይቃል። አራቱ ድርብ እኩል መሆኑን በሁለት ጣቱ ይዳብሳል። ዋጋ ይሰማል፤ ይደነግጣል፤ ትቶ ይሄዳል። ጠላ ቤት ጎራ ይልና ሸማ የሚያውቅ ሽማግሌ ይዞ ይመለሳል። ሽማግሌውም በተራቸው ጨርቁን ወደ ፀሐይ ያነሣሉ። ጋቢው የሚገዛው ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው።

ከዚያስ እንዴት ይለበሳል? ከካናቴራ በላይ ሸሚዝ፣ ከሸሚዝ በላይ ሹራብ፣ ከሹራብ በላይ ኮት፣ ከኮት በላይ ጋቢ። ያ ሁሉ ምርመራ የተደረገበት ጥጥ የጌታውን ገላ አንድም ቀን ሳይነካ ያረጃል።

ይኸው ሰው ሙታንታ ሲገዛ ደግሞ እንየው። አይገዛም። የምትገዛለት ሚስቱ ናት። ሚስት ከሌለው አመሻሽ ላይ፣ የሚያውቀው ሰው በማይቆምበት በኩል፣ አንገቱን ቀብሮ ይመጣል። ጨርቅ አይዳብስም፤ ቀለም አይመርጥም። «ሦስት ስጠኝ» ይላል ሌላ ቦታ እያየ። ቁጥሩ ስንት ነው ብሎ መጠየቅማ ነውር ነው፤ ራቁቱን ለተወለደ ጥብቆ መች አነሰው! በጥቁር ፌስታል ይጠቀለልለታል። ፌስታሉ ጥቁር ካልሆነ ግዢው ይፈርሳል።

ሌት ተቀን ከገላችን ጋር የሚኖረው፣ ላብ በሚበዛበት፣ ቆዳ በሚሳሳበት፣ ገላ ከገላ በሚፋተግበት ቦታ የሚውለው ጨርቅ እንግዲህ በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ተመርጦ ይገባል።

ሻጩ ይህን ሐፍረታችንን አሳምሮ ያውቀዋል። ስለዚህ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። «ሦስቱን በመቶ! ሦስቱን በመቶ! ይለጠጣል፣ አይበጠስም!» ሁለት ክንዱን አስገብቶ ለአላፊ አግዳሚው ይለጥጠዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ያልፋሉ። አንዴ አንዲት መምህርት ደፍራ ቆመች።

«ጥጥ ነው?»

«መቶ ፐርሰንት ኮተን ነው ቲቸር!»

ከወገቡ ውስጥ የተሰፋችውን ቁራጭ ገልብጣ አሳየችው። «ፖሊስተር ይላል እኮ።»

ሻጩ ዓይኑን አላሸም። «እሷማ ስለ ራሷ ነው የምትናገረው። ጽሑፏ ያለችበት ጨርቅ ፖሊስተር ናት፤ ሙታንታው ኮተን ነው።»

ለዚህ መልስ የሚሰጥ ጠበቃ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ያለ አይመስለኝም። ገዛች።

ሽፍታው ብቅ ሲል ጥፋተኛ ፍለጋ ይጀመራል። የሚገርመው ሙታንታው አንድም ጊዜ ተጠርጥሮ አያውቅም። ጎረቤት «ምች ነው» ትልና ዳማከሴ አሽታ ትመጣለች። ሌላዋ የበሉትን ትቆጥራለች። የቡሬ ሰው ከሆኑ በርበሬ ይጠረጠራል። እዚህ ላይ እንኳ አልተሳሳቱም፤ በቡሬና በጃቢ ጠህናን በርበሬ በሚለቀምበት ሰሞን እጁን ሳይታጠብ ወደ ጓሮ የሄደ ሰው ያቺን ቀን ለልጅ ልጁ ያወራታል። ግን የበርበሬ ነገር ውሎ አድሮ ይበርዳል። ይኼኛው ወር ከወር ይከርማል።

ከዚያ ፋርማሲ ይኬዳል። የት እንደሚያሳክክ መናገር ስለማይቻል «እንዲሁ የሚያሳክክ ነገር ቅባት» ይባላል። ቅባቱ ስቴሮይድ ካለበት ሽፍታው ሰሞኑን እልም ይላል። ነገሩ ጭርት ከነበረ ግን ፈንገሱ ተመቸኝ ብሎ ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል፤ ቅባቱ ሲቋረጥ ሰፊ ርስት ይዞ ይወጣል። ችፌ ከነበረ ደግሞ ያው ጨርቅ እስከተለበሰ ድረስ ያው ችፌ ይመለሳል።

አንድ ዘመዳችን ሁሉንም ሞክሮ ሲያቅተው ሱባዔ ገባና ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቀ። ዳነ። ከጠበል ጋር ክርክር የለኝም፤ ፈውስ ከላይ ነው። ሰውየው በእነዚያ ሰባት ቀናት ናይሎኑን አውልቆ አሮጌ ነጠላ ብቻ አገልድሞ መክረሙን ግን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ቤቱ ሲመለስ ናይሎኑን ለበሰ። ጋኔኑም ተመለሰ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የዚህ ነገር ሥሩ ክሩ ነው። ጥጥ እርጥበት ይወዳል፤ 100 ግራም ደረቅ ጥጥ እንዲሁ አየር ላይ ተቀምጦ እንኳ 8 ግራም ያህል እርጥበት ይጠጣል። ናይሎን 4 ግራም ገደማ ይቀማምሳል። ፖሊስተር ግማሽ ግራም አይሞላም። ፖሊስተር ለበስክ ማለት ላብህ የሚጠጣው አጥቶ ቆዳህ ላይ ይተኛል ማለት ነው። የረጠበ ቆዳ ይላላል፤ የላላውን ስፌት ይልጠዋል፤ የተላጠው ላይ ፈንገስ ጎጆ ይቀልሳል። ሯጮቹ ፖሊስተር አይደለም ወይ የሚለብሱት የሚል አይጠፋም። የእነሱ ጨርቅ ላብ ስቦ ወደ ውጭ እንዲያወጣ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ደግሞም ሯጭ ሮጦ ሲጨርስ ያወልቃል። እኛ ከለበስነው ውልቅ የለም።

የታሪክን ቀልድ ለሚወድ ሰው አንዲት ነገር አለች። እ.ኤ.አ. በ1941 መጋቢት ላይ ጣልያን ከቡሬ ምሽጉ ለቆ ወጣ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ዊንፊልድና ዲክሰን የሚባሉ ሁለት ኬሚስቶች ፖሊስተርን ሠርተው አወጡ። አንዱ ወራሪ በበር ሲወጣ ሌላው ተወለደ። ጣልያንማ ቢያንስ ካሳ ከፍሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሠራው በጣልያን የጦር ካሳ ነው። ሙታንታን ከነስሙ ጥሎልን የሄደ ሰው ካሳውን በጥጥ ፋብሪካ መክፈሉ ፍትሕ ይመስለኛል። ፖሊስተር ግን ካሳ ከፍሎ አያውቅም። ቀድሞ በቴትሮን ሱሪ ስም መጣ፤ አይጨማደድም ተብሎ ተወደደ፤ ሙሽራ ተሞሸረበት። ከውጭ ሲገባ ዝም አልን፤ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ዘለቀ።

አንድ የብር ሸለቆ ገበሬ ይህን ሁሉ ሰምተው ሳቁብኝ። «እኛ ቁምጣ ብቻ ነበር የምንለብሰው» አሉ። «ነፋስ በአንዱ እግር ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ማሳከክ የምናውቀው በቁንጫ ነው። እናንተ ቁንጫውን አጥፍታችሁ በገንዘባችሁ ማሳከክ ገዛችሁ።» ቆላ ወርደው ሲያርሱ የኖሩ ሰው ስለ አየር ዝውውር ሲናገሩ ከመስማት በቀር ምን ይደረጋል።

አሁን ወደ ሻጩ ልመለስ፤ የሚገባውን ሳያገኝ ቢቀር ደስ አይለኝም። አንድ የገበያ ቀን ከገበዝ ማርያም የመጡ ፈታይ እናት ፊቱ ቆሙ። ለልጃቸው ነው። ልጅቷ ቆዳዋ ስስ ነው፤ የነካት ነገር ሁሉ ያሳብጣታል። ሻጩ መቶ ፐርሰንቱን ደገመ። እናት ከመቀነታቸው ክብሪት አወጡ።

«እማማ፣ ምነው! ዕቃዬን ሊያነዱብኝ ነው?»

«ዝም በል ልጄ፣ ክር ነው የማነደው።»

ከጠርዙ የተንጠለጠለች ክር በጥሰው ለኮሷት። ክሯ ከእሳቱ እየሸሸች፣ እየተኮማተረች ቀለጠች፤ ጫፏ ላይ ጥቁር ጠጠር ቋጠረች፤ የተቃጠለ ፌስታል ሸተተ። «ይኸውልህ ጥጥህ» አሉ። ከነጠላቸው ጫፍ ደግሞ አንዲት ክር መዘው ለኮሱ። ቦግ ብላ ነደደች፤ ወረቀት ወረቀት ሸተተች፤ አመዷን በጣታቸው ሲነኩት በነነ። ገበያው ተሰበሰበ። ቅድም ነጠላቸውን እስከ አፍንጫ ስበው ያለፉት ሴቶች ሁሉ ተመልሰው መጡ፤ ክብሪቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ሙታንታ ነውር መሆኑ ቀርቶ የሸማ ጉዳይ ሆነ። የሸማ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ የጎጃም ሴት የምታፍረው ማንን ነው? ዘመናቸውን ድርና ማግ ሲለዩ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ ሙታንታው ላይ እንዲያርፉ የፈቀደላቸው ሰው አልነበረም እንጂ።

ያቺ ክብሪት ሁሉን አትፈታም። ድብልቅ ጨርቅ ይነዳልም፣ ይጠጥራልም። ከመቶ አምስት እጅ ያህል የሚለጠጥ ክር ቢገባበት ነፍስ አያጠፋም፤ ጠጠሩ ሲበዛ ነው መሸሽ። ክብሪቷን የሚያሞኛት ቪስኮስ የሚባለው ነው። ከእንጨት ተሠርቶ የሚፈተል ክር ስለሆነ ልክ እንደ ጥጥ ይነዳል።

ቪስኮስ ስል የአንዲት የቡሬ እናት ነገር ትዝ አለኝ። አሜሪካ ያለች ልጃቸው፣ እናቷ እንደሚያሳክካቸው በስልክ ሰምታ፣ ለስላሳ ሙታንታ በሰው ላከች። «ምርጥ ነው እማዬ፣ ከቀርከሃ የተሠራ ነው» አለች። እናት ደነገጡ። ቡሬ ላይ ሆኖ ቀርከሃን የማያውቅ የለም፤ እንጅባራ ቅርብ ነው፤ ወንበሩም አልጋውም አጥሩም ቀርከሃ ነው። «ልጄ፣ እኔ እናትሽ በርጩማ ነኝ?» ብለው ስልኩን ዘጉ። ሳይለብሱት ብዙ ከረመ። በኋላ ዳበሱት፤ ለሰለሳቸው፤ ለበሱት። እውነቱን ለመናገር ቀርከሃነቱ ከስም አያልፍም። እንጨቱ በኬሚካል ሟሙቶ ጭማቂው ተፈትሎ ነው ክር የሚሆነው፤ ያው ቪስኮስ፣ በሌላ ስሙ ሬዮን ነው፤ የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪዎችም «ቀርከሃ ነው ብላችሁ አትሽጡ፣ ሬዮን በሉት» ብለው ኩባንያዎችን ከሰዋል። ለስላሳነቱ ግን ሐሰት አይደለም። እርጥበት ከጥጥም በላይ ይጠጣል። እናትየው አሁን ለጎረቤት ሲነግሩ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ? «ልጄ ወንበር አለበሰችኝ።»

ቀለምም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ይመረጣል፤ እድፍ አያሳይማ። ፖሊስተር የሚነከርበት ቀለም ከክሩ ጋር አጥብቆ አይጋባም። ላብና ፍትጊያ ሲያገኘው ለቆ ወደ ቆዳ ይሻገራል። ቀለሙ የማይስማማው ሰው ሽፍታው ልክ በስፌቱ መስመር ይወጣል፤ ካርታ ተነሥቶለታል ማለት ነው። ስለዚህ ነጭ እንግዛ ያሉት ደግሞ በረኪና ይዘው ይመጣሉ። የበረኪናን ነገር ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። የአንዳንዱ የወገብ ላስቲክ ጎማ በረኪና ሲነካው ውስጡ ያለው ኬሚካል ይለወጥና ቆዳ የሚያስቆጣ አዲስ ነገር ይወልዳል። ሙታንታው ሲገዛ ደህና የነበረ ሰው ንጽሕና አበዛሁ ሲል ወገቡ ዙሪያውን ቀበቶ በሚያህል ሽፍታ የሚታጠቀው ለዚህ ነው። ላስቲኩ በጨርቅ የተሸፈነ ከሆነ ይሻላል። በረኪናው ቢቀር ደግሞ ከዚያም ይሻላል።

እንዶድስ? እንዶድ ጋቢን ሲያነጣ አይተናል። እንዲያውም ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ በቀንድ አውጣ በኩል ለሚዛመተው ቢልሃርዝያ መላ የሚሆን ነገር ያገኙት ከዚያ ነው። የደራሲው የሐዲስ ዓለማየሁ የትውልድ ደብር እንኳ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው፤ ጎጃም ከእንዶድ ጋር ቤተሰብ ነው። ነገር ግን ቀንድ አውጣ የሚገድል አረፋ ለስስ ቆዳ ይራራል ብሎ ማመን ይከብዳል። እንዶድም ሆነ ኦሞ ከጨርቁ እስኪወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ነው። ውሃ በጀሪካን የሚቀዳ ሰው ይህን ምክር ሲሰማ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ ዐውቃለሁ፤ አይቼዋለሁ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የገመዱ ላይ ድራማ ነው። የፍኖተ ሰላም የጋራ ግቢ ውስጥ ግቡና ገመዱን እዩ። ከፊት ለፊት አንሶላ። ቀጥሎ ሸሚዝ። ጋቢ ካለ ጋቢው መሐል ላይ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ፀሐዩን ብቻውን ይሞቃል። ሙታንታዎቹ የት አሉ? ከአንሶላው ሥር ተሸሽገዋል። ፀሐይ አያያቸውም፤ ነፋስ አያገኛቸውም፤ አከራይቷም አያዩዋቸውም። በክረምት ደግሞ የምዕራብ ጎጃም ዝናብ ለፀሐይ ተራ አይሰጥም፤ ሽሽጉ ወደ ፍራሽ ሥር ይዛወራል። ጠዋት እርጥብነቱ ሳይለቀው ይለበሳል። ጥጥ ቢሆን ነው የባሰው፤ ጥጥ የጠጣውን ውሃ በቀላሉ አይለቅማ። ያ ሁሉ የተመሰገነ ጥጥ ረጥቦ ሲፋተግ ከሰንበሌጥ አይሻልም። ላብ ሲያረጥበውም ያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር የዋለ ሰው ማታ ካልቀየረው ጥጡ ውለታ አይቆጥርለትም።

እኛ እኮ ወደዚህ ዓለም ስንመጣ የተቀበለን የእናታችን አሮጌ ነጠላ ነው። አዲስ አይደለም፤ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ፣ ሻካራው የሞተ። እናቶች የጨቅላ ቆዳ ምን እንደሚፈልግ የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም። ስንሄድም በአቡጀዲ ተገንዘን ነው፤ እሱም ጥጥ ነው። በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለውን ጊዜ ለሦስቱን በመቶ ባዩ ሰጥተነዋል።

ይህን የተረዳ አንድ ጎረምሳ አለ፤ ችፌ ያሠቃየው፣ ሚኒባሱ ሲነጥር የሚፈካው ዓይነት። የእናቱን አሮጌ ነጠላ አስቦ፣ ሐፍረቱን ውጦ፣ ሸማኔ ዘንድ ሄደ። ሸማኔው ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው መወርወሪያ እያሻገሩ ነው።

«አባባ፣ ስስ ሸማ ፈልጌ ነበር። ድሩም ማጉም ጥጥ የሆነ።»

«ለኩታ ነው?»

«አይደለም።»

«ለእናትህ ነጠላ?»

«አይደለም አባባ። ለ... ለውስጥ ነው። ሰፊ ጋ ወስጄ ላሰፋው ነው።»

ሸማኔው መወርወሪያቸውን አቆሙ። ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት። አልሳቁም። ስንት ክንድ እንደሚበቃው ጠየቁ፤ ክሩን ከጎናቸው ካለው ልቃቂት አውጥተው በሁለት ጣታቸው አሻሹለት፤ ጉንጩ ላይ እንዲሞክረው ሰጡት። ከታጠበ በኋላ እንደሚሰበሰብ፣ ሰፊው ጠበብ አድርጎ እንዳይሰፋበት አስጠነቀቁት። ላስቲክ ይቅርብህ፣ ማሰሪያ ክር አድርግበት አሉት። ዋጋ ተነጋገሩ፤ ልጁ ደነገጠ፤ ሄደ፤ ተመለሰ። ተስማሙ። ሊወጣ ሲል ከኋላው ጠሩት።

«ጥለቱስ?»

«አባባ፣ የውስጥ ልብስ እኮ ነው። ማንም አያየውም።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ ሸማኔው። «ከፊት ይሁን ከኋላ?»